የጋሽ አንጁሎ ምስል መጠበቅ ሲማር

አባያ ሐይቅን ከነአዞው አዳራሽ ውስጥ ያስገባሁ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ። አንድ የክረምት ቀን አርባ ምንጭ ላይ ተወዛዋዦቻችን የዓሣ አጥማጆችን ጨዋታ መድረክ ላይ ሲጫወቱ፣ እኔ ከኋላቸው በነጭ ጨርቅ ላይ የሐይቁን ማዕበል ለቀቅሁት። ማዕበሉ ሲመጣ ፊት ወንበር የተቀመጡት እንግዶች በሙሉ እግራቸውን ብድግ አድርገው ወንበሩ ላይ ሰበሰቡ። አንድ ትልቅ ሰው እንዲያውም ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቀለሉ። በዓለም ላይ ቪዲዮ ሱሪ ያስጠቀለለበት ሌላ አገር ካለ ይነገረኝ።

ሳምንቱን ሙሉ ደረቴን ነፍቼ ሰነበትኩ። በኋላ የአዳራሹ ዘበኛ ጠርቶ ጣሪያውን አሳየኝ። ከፊት ወንበሮች በላይ ያለው ቆርቆሮ ተበስቶ ኖሯል፤ ዝናቡ እየወረደ ከእንግዶቹ እግር ሥር ኩሬ ሠርቶ ነበር። ሰዎቹ የሸሹት ከእውነተኛ ውሃ ነው። እኔም ዘበኛውን ዓሣ ጉላሽ ጋብዤ ነገሩ በሁለታችን መካከል እንዲቀር ተስማማን። ይኸው ዛሬ እኔው አወጣሁት።

ሥራዬ ይህ ነበር። በአንድ የኪነት ቡድን ውስጥ ዘፋኝና ተወዛዋዥ ከፊት ሲጫወቱ፣ ከኋላቸው የሚንቀሳቀሰውን ምስል መቅረጽ፣ መቁረጥና መልቀቅ። ባለፈው ዓመት ለቀቅሁ። ዕድሜዬ እንኳ ለጡረታ ገና ነው፤ ጡረታ የወጣው ወገቤ ነው። ፕሮጀክተርና ጀነሬተር ተሸክሞ የጋሞን ዳገት ሲወጣ የኖረ ወገብ አንድ ቀን ጠዋት ከአልጋ አልነሳም አለኝ፤ እኔም ሐሳቡን አከበርኩለት። አሁን አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር፣ ከመናኸሪያው አጠገብ የማንጎና የአቮካዶ ጭማቂ ቤት አለኝ። ጭማቂና ቪዲዮ አንድ ናቸው፤ ውሃ ካበዛህበት ደንበኛው ይነቃብሃል። የድሮ ደመወዜን አልነግራችሁም፤ ይህን ጽሑፍ ባለቤቴም ታነበዋለች።

ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሽ ደምሴ ናቸው። ከወሎ የመጡ ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው ፊልም በሚያሳይ መኪና እየዞሩ ገበሬውን ስለ ወባ ሊያስተምሩ አርባ ምንጭ መጡ፤ በደረሱ በሳምንቱ ወባ ጣላቸው፤ ሲድኑ አገሩን ወደዱትና እዚሁ ቀሩ። ከጋሞኛ የሚያውቁት «ሳሮ» የሚለውን ሰላምታ ብቻ ነው፤ ግን በዚያች አንዲት ቃል ከጨንቻ ገበያ እስከ ሐይቁ ዳር ቡና ሲጠጡና ቆጮ ሲበሉ ኖረዋል።

እኚህ ሰው ጥቂት የማይነቃነቁ ልማዶች ነበሯቸው። የካሜራውን መስታወት በትንፋሽ አይነኩም፤ ከደረት ኪሳቸው የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ አውጥተው፣ የሕፃን ዓይን እንደሚጠርግ ሰው፣ ከመሐል ወደ ዳር ይጠርጉታል። ቀረጻ ቦታ ሲደርሱ መጀመሪያ ከሰዎቹ ጋር ይበላሉ፤ ካሜራው ከቦርሳው የሚወጣው ከዳጣው በርበሬ ቃጠሎ ሲያገግሙ ነው። «ድገሙልኝ» የሚለውን ቃል ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም። ዘፋኝ ካመለጣቸው አመለጣቸው ነው። ትርኢት ላይ ደግሞ ቀኝ እጃቸው ሁልጊዜ ከፕሮጀክተሩ አጠገብ ነው። መድረኩ ላይ ያለው ሰው ከምስሉ ሲበልጥ መዳፋቸውን ብርሃኑ ፊት ቀስ አድርገው ያመጡና ምስሉን እንደ ሻማ ያደበዝዙታል።

«አንተ ቀልማዳ» ይሉኝ ነበር፣ «ይሄ ምስል እንግዳ ነው። እንግዳ ደግሞ ባለቤቱ ሲናገር ዝም ይላል።»

እኔ በዚህ ጆሮዬ ሰምቼ በዚያኛው አወጣው ነበር። ለዚህ ምስክሩ የምርቃቱ ቀን ነው። የቡድናችን ኃላፊ አቶ ግርማ፣ ነገር ሁሉ «ሞቅ» እንዲል የሚወዱ ሰው፣ እንግዶች ሲገቡ ባዶ መድረክ እንዳያዩ ብለው አዘዙኝ።

«አንድ ሞቅ ያለ ነገር ልቀቅባቸው!»

እኔም አንድ የደጋ ሽማግሌ ሲመርቁ የቀረጽኩት ነበረኝና እሱን ለቀቅሁ። አጭር ስለነበረች፣ ስታልቅ ራሷን እንድትደግም አድርጌ ላብ ላብ ሲለኝ ለስላሳ ልጠጣ ወጣሁ። እኛ ዘንድ ሽማግሌ ሲመርቅ ሰው ይነሳል፤ ለእያንዳንዱ ምርቃት ይመልሳል፤ መራቂው ሳይጨርስ መቀመጥ ነውር ነው። አዳራሹ በሙሉ ተነሥቶ «አሜን» ይላል። ምርቃቱ ያልቃል፤ ሰው ሊቀመጥ ጎንበስ ሲል ሽማግሌው እንደገና ይጀምራሉ። ሰው ቀና ይላል። «ላማችሁ ትውለድ!» «አሜን!» እንደገና ጎንበስ፤ እንደገና «ላማችሁ ትውለድ!» ለስላሳዬን ጨርሼ ስመለስ አቶ ግርማ ራሳቸው ከፊት ቆመው፣ ላባቸው በግንባራቸው እየወረደ፣ በተዘጋ ድምፅ «አሜን» ይላሉ። የዚያን ቀን የተመረቀው ከብት ሁሉ ቢወልድ ኖሮ ዛሬ ከአርባ ምንጭ እስከ ሞያሌ መሬት ላይ እግር ማሳረፊያ አይገኝም ነበር።

በሳቅ አለፈ። ሰው በዚህ አገር ምስልን እንደ ሰው እንደሚያስተናግድ፣ ምስሉ ደግሞ ሰውን እንደ ሰው እንደማያስተናግድ ያን ቀን መማር ነበረብኝ። አልተማርኩም። የተማርኩት በጋሽ ሻንካና በጋሽ አንጁሎ ነው፤ በሁለቱ ላይ ደግሞ ሳቅ ብቻውን አልበቃም።

ሁለቱም ከጨንቻ በላይ ባለ አንድ መንደር ጎረቤታሞች ናቸው። ጋሽ ሻንካ ሸማኔ፣ ጋሽ አንጁሎ ገበሬ። ከልጅነታቸው ጀምሮ አብረው ይዘፍናሉ። አዘፋፈናቸው እንዲህ ነው፦ ጋሽ ሻንካ ያወጣሉ፤ ጋሽ አንጁሎ በቀጭን ድምፅ ከላይ ይቀበላሉ፤ ሌሎቹ ከታች እንደ ንብ ያጉረመርማሉ። ተቀባዩ መቼ እንደሚገባ የሚወስነው የአውጪው ትንፋሽ ነው። አውጪው ደስ ሲለው ያረዝመዋል፤ ሆድ ሲብሰው ያሳጥረዋል፤ ተቀባዩ ይጠብቃል። አውጪውን ጥሎ ማለፍ በዚያ መንደር «ከእንግዲህ አታስፈልገኝም» ከማለት አይለይም።

ቡድናችን ሁለቱን አርባ ምንጭ መድረክ ላይ ለማውጣት ከተስማማ በኋላ ጋሽ አንጁሎ የቀርከሃ ቤታቸውን ጣሪያ ሊጠግኑ ወጥተው ወደቁና ዳሌያቸው ተሰበረ። ድምፃቸው ደኅና ነው፤ ግን በዚያ መንገድ መኪና ላይ ተቀምጠው መውረድ አይችሉም። ጋሽ ሻንካ ደግሞ «ያለ አንጁሎ አልዘፍንም» አሉ።

«ችግር የለም፣» አልኩ እኔ፣ «ጋሽ አንጁሎን ቤታቸው ትራስ አስደግፌ ከወገብ በላይ ቀርጬ፣ በሰው ልክ መድረክ ላይ አወጣልዎታለሁ።»

ጋሽ ሻንካ ተደስተው ስክሪኑን ራሳቸው ሠሩት። ስስ ነጠላ ሸምነው ጥለቱን ትተው አጋጥመው ሰፉት። ብርሃኑን ከኋላ ስለቅበት ጨርቁ ይጠፋና ሰውዬው ብቻ ይቀራል። ነፋስ ሲነካው ደግሞ ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል። አቶ ግርማ ሲያዩት ጮኹ፣ «ይተነፍሳል እኮ!» እኔም አመንኩ። ጨርቅ ተነፈሰ ብዬ ምስሉ የሚተነፍስ መሰለኝ።

ትርኢቱ ጀመረ። ጋሽ ሻንካ አወጡ፤ ምስሉ ተቀበለ፤ አዳራሹ ጸጥ አለ። ሁለተኛውም እንደዚያው። በሦስተኛው ጋሽ ሻንካ የሰው ጸጥታ ደስ አላቸውና ድምፃቸውን ይዘው አረዘሙት። የኔ ጋሽ አንጁሎ ግን መች ጠበቁ! በተለካላቸው ሰዓት ከች ብለው ገቡና፣ ጓደኛቸውን መሐል መንገድ ላይ ጥለው፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው መዝፈን ቀጠሉ። ጋሽ ሻንካ ሊደርሱባቸው ሮጡ፤ ቃል አጠፉ፤ ቆሙ። ከዚያ ወደ ጨርቁ ዘወር ብለው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጮኹ፦

«አንጁሎ! ቆይ እንጂ! ምን አደረግሁህ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ስልኩን ያላወጣ አልነበረም። ጋሽ ሻንካ ምስሉን ጥቂት ተመለከቱት፤ ጋቢያቸውን ሰብስበው ከመድረኩ ወረዱ። የሄዱት በቀጥታ ወደ መናኸሪያ ነው።

አቶ ግርማ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «ሰው እኮ ሳቀ! ሞቅ ብሎ ነበር!»

ጋሽ ደምሴ ነጠላውን አጣጥፈው አጣጥፈው ሲያበቁ ነው የተናገሩት። «አንተ ዘፈኑን ሰዓት አስረህበታል። ሻንካ ሰዓት የላቸውም፤ ያላቸው ጓደኛ ነው።»

ቪዲዮው ከጋሽ ሻንካ ቀድሞ መንደራቸው ደረሰ። ጋሽ አንጁሎ አልጋቸው ላይ ተኝተው በልጃቸው ስልክ አዩት። «እኔ? እኔ ሻንካን ጥዬ ሄድኩ? በዚህ ዳሌዬ?» ብለው ተቆጡ። የተቆጡት በኔ ሳይሆን በጋሽ ሻንካ ነው፤ በአደባባይ ስሜን ጠርቶ ከሰሰኝ ብለው። ጋሽ ሻንካ በበኩላቸው ያዩትን አይተዋል። «አፉ ሲከፈት አይቻለሁ፤ ፊቱም ደስ ብሎት ነበር» ይላሉ። ቀድሞ ማታ ማታ እሳት ዳር ቁጭ ብለው ይጫወቱ የነበሩ ሰዎች ተዘጋጉ። በሽተኛው ብቻቸውን ቀሩ። መስቀልም እየቀረበ ነበር፤ ሁለቱ ያልዘፈኑበት መስቀል ደግሞ መንደሩ አያውቅም።

ሽማግሌዎች ጠሩኝ። በወገቤም ቢሆን በእግሬም ቢሆን እንድመጣ። ጋሽ ደምሴን አስከትዬ ወጣሁ። መንደሩ በሚመክርበት ሜዳ፣ ዱቡሻው ላይ፣ ጋሽ አንጁሎን በቃሬዛ አምጥተዋቸዋል፤ ጋሽ ሻንካ ከማዶ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠዋል። ብርዱ ሐሳብን ሳይቀር ያደርቃል። ነገሩ በጋሞኛ ነው የተካሄደው፤ እኔ ለጋሽ ደምሴ በሹክሹክታ አስተረጉማለሁ።

ዋናው ሽማግሌ ጠየቁ። «አንጁሎ፣ ያን ቀን የት ነበርክ?»

«ቤቴ። አልጋዬ ላይ።»

«ሻንካ፣ አንተስ?»

«አርባ ምንጭ። መድረክ ላይ።»

«ታዲያ ማን ጥሎህ ሄደ?»

«እሱ!» አሉ ጋሽ ሻንካ፣ ሳይዞሩ በጣታቸው ወደ ኋላ እያሳዩ።

«እኔ ሽንት ቤት እንኳ ተደግፌ ነው የምሄደው!» አሉ ጋሽ አንጁሎ። ሰው ሳቀ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም።

ሽማግሌው ወደኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ከተማ የሄደው ምስል የማን ነው?»

«የጋሽ አንጁሎ።»

«ማን ይዞት ሄደ?»

«እኔ።»

«ሲሄድስ እንዴት እንደሚጠብቅ አስተማርከው?»

«ጌታዬ፣ ምስል እኮ አይማርም» አልኩ።

«እንግዳ ይዘህ ሰው ቤት ገብተህ እንግዳህ ቢባልግ፣ ተጠያቂው ማን ነው? ይዞት የገባው ነው። አንጁሎ አልበደለም። ሻንካም አልዋሸም፤ ያየውን ነው የተናገረው። የባለገው ያንተ እንግዳ ነው። ሂድና መጠበቅ አስተምረው። ከዚያ አምጥተህ እዚሁ፣ በሁለቱ ፊት ታቆመዋለህ። እስከዚያ እነዚህን አናስታርቅም፤ ነገሩ አላለቀምና።»

ለጋሽ ደምሴ ተረጎምኩላቸው። ሽማግሌውን እጅ ነሡና «ሳሮ» አሉ። ከዚህ የተሻለ ፍርድ አልሰማሁም ማለታቸው ነው።

ቁልቁል ስንወርድ አሰብኩ። እስከዚያ ቀን የቀረጽኩት ጋሽ አንጁሎ ሲዘፍኑ ብቻ ነው። ሲያዳምጡ አልቀረጽኩም። ለመሆኑ የሚጠብቅ ሰው ፊት ምን ይመስላል? በነጋታው ካሜራዬን ይዤ ተመለስኩ።

«ጋሽ አንጁሎ፣ ሲያዳምጡ ልቀርጽዎት ነው።»

«ምኑን ነው የማዳምጠው? ዶሮዋን?»

እውነታቸውን ነው። ጋሽ ሻንካ ዘንድ ሄጄ ለመንኩ። እሳቸው ደግሞ፣ «ሳንታረቅ እግሬን ቤቱ አላስገባም» አሉ። በመጨረሻ ጋሽ ደምሴ በምልክትም በእጅም በአማርኛም ብለው አስማሟቸው፤ ጋሽ ሻንካ ወደ ቤት አይገቡም፤ ከግድግዳው ውጭ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይዘፍናሉ። የቀርከሃ ግድግዳ ድምፅ አይከለክልም።

እኔ ውስጥ ነኝ። ጋሽ አንጁሎ ፊታቸውን እንደ ቋጥኝ አጥብቀው ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። ከውጭ ጋሽ ሻንካ አወጡ። መጀመሪያ ምንም የለም። ቀጥሎ የጋሽ አንጁሎ ቀኝ ቅንድብ ላላ። ጋሽ ሻንካ ድምፁን አረዘሙት፤ የጋሽ አንጁሎ ከንፈር ተከፈተ፤ ትንፋሽ ሳቡ፤ ያዙት። ሊገቡ ነው። አልገቡም፤ ጠበቁ። ከውጭ ያለው ድምፅ ሲንቀጠቀጥ የሳቸውም አገጭ ተንቀጠቀጠ። ካሜራውን በሁለት እጄ ግጥም አድርጌ ያዝኩት፤ ጋሽ ደምሴም ከኋላዬ ሆነው «አትነቅንቀው» አሉኝ። ዕድሜ ልኬን ብዙ ጭፈራ ቀርጫለሁ፤ ዝም ብሎ የተኛ ሰው እንደዚያ ሲወዛወዝ ግን አላየሁም።

ከዚያ የቀረው ሥራ ነው። ቅጂውን በሰዓት አልገጠምኩትም። ቆራረጥኩት። ማዳመጥ አንድ ቁራጭ፣ ትንፋሽ መሳብ አንድ ቁራጭ፣ መቀበሉ ደግሞ ከበፊቱ ቅጂ ሌላ ቁራጭ። ማዳመጡ እኔ እስከምተወው ድረስ ይቀጥላል፤ ላፕቶፑ ላይ እያንዳንዱ ቁራጭ የየራሱ ቁልፍ አለው። አውጪው ሲያረዝም ምስሉ ያዳምጣል፤ አውጪው ሲለቅ እኔ ቁልፉን እጫናለሁ፤ ምስሉ ይገባል። ከዚያ ቀን በኋላ ከመድረክ ኋላ ቆሜ የምጠጣው ለስላሳ ቀረ። እኔም ተጫዋች ሆንኩ።

የመስቀል ዋዜማ ሳምንት ነጠላውን ይዘን ወጣን። የተጫወትነው ዱቡሻው ላይ ሳይሆን ጋሽ አንጁሎ ቤት ነው። የደጋ ቤት መስኮት የለውም፤ በቀትር ፕሮጀክተር ብትለቅበት ከማንኛውም አዳራሽ ይሻላል። ጀነሬተሩ ግን የሙታንን እንቅልፍ የሚያሳጣ ስለሆነ ገመድ ቀጥለን ከእንሰቱ ጀርባ ቀበርነው። ሽማግሌዎቹ ዙሪያውን ተቀመጡ። ጋሽ አንጁሎ አልጋቸው ላይ ናቸው። ጋሽ ሻንካ «ምስሉን ለማየት ነው የመጣሁት» ብለው በሩ ሥር ቆሙ።

አወጡ። ምስሉ አዳመጠ። ጋሽ ሻንካ ሊፈትኑት ነው መሰል ድምፁን ያዙት፣ ያዙት፣ አሁንም ያዙት። ምስሉ አይንቀሳቀስም፤ ቅንድቡ ላልቶ፣ ከንፈሩ ተከፍቶ ይጠብቃል። ለቀቁት፤ ገባ። ሽማግሌዎቹ ጉልበታቸውን መቱ። ጋሽ ሻንካ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገቡ። እንደገና አወጡ፤ ግን ዓይናቸው የምስሉ ፊት ላይ ቀረ።

«ይሄን ፊት መቼ ነው የቀረጽከው?» አሉኝ፣ ዘፈኑን አቋርጠው።

«እርስዎ ከግድግዳው ውጭ ሲዘፍኑ።»

«ያን ጊዜ እንዲህ ሆኖ ነበር?»

«እንዲህ ሆነው ነበር።»

ጋሽ አንጁሎ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ጢስ ነው» አሉ። ቤቱ ውስጥ እሳት አልነደደም።

ጋሽ ሻንካ አልጋው አጠገብ ሄደው ቁጭ አሉና ከልባቸው አወጡ። እኔ ጣቴን ቁልፉ ላይ አድርጌ ልጫን ስል ቀጭኑ ድምፅ ከአልጋው መጣ። ጋሽ አንጁሎ ራሳቸው ተቀበሉ። ቁልፉን ተውኩት። ጨርቁ ላይ ያሉት ጋሽ አንጁሎ ዝም ብለው አልጋው ላይ ያሉትን ሲያዳምጡ ቆዩ። ሽማግሌው የእርቅ ምልክት የሆነውን እርጥብ ሣር አስመጡ፤ ታረቁ። መስቀሉም ተዘፈነ። በኋላም ያን ሥራ ይዘን ጋሽ ሻንካን በአካል፣ ጋሽ አንጁሎን በነጠላ፣ ብዙ ከተማ ዞርን፤ ምስሉ አንድም ቀን አልባለገም።

ሰው «ይሄ ሰው ጆሮው ለጉድ ነው» ይለኛል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገርና ልጨርስ። እርቁ ካለቀ በኋላ ጋሽ አንጁሎ ከአልጋቸው ሆነው ጠሩኝ። «አንተ መሣሪያ መጠበቅ ያስተማርክ፣ ና ከኛ ጋር አጨብጭብ!» አፈርኩ፤ ግን እምቢ አይባልም። አጨበጨብኩ። በመጀመሪያው ዙር ከታች የሚያጉረመርሙት ተሳሳቱ። በሁለተኛው ጋሽ ሻንካ ቆሙ። ጋሽ አንጁሎ እጆቼን ትክ ብለው አዩና፣ «ይህን ሰው ቶሎ ወደ ላፕቶፑ መልሱት» አሉ።

ምት አላውቅም። የሥራ ዘመኔን በሙሉ ለዘፈንና ለውዝዋዜ ምስል ስሠራ ኖርኩ፤ ግን አንድ ዘፈን እስኪያልቅ በትክክል አጨብጭቤ አላውቅም፤ አልችልም። የመጀመሪያውን ትርኢት ሰዓት ያሰርኩበትም ለዚህ ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ቁልፉን የምጫነው ሰምቼ ሳይሆን የጋሽ ሻንካን ማንቁርት እያየሁ ነበር። ማንቁርታቸው ሲወርድ እጫናለሁ። ብርድ ይዟቸው ሻርፕ ያደረጉ ቀን፣ «መብራቱ አይመችም» ብዬ ሻርፑን አስወልቄያቸዋለሁ።